ጣና ደጃፉ ላይ ተኝቶ፣ ተማሪው ኮፒ ቤት!

ባሕር ዳር ፋሲሎ፣ አንዲት ጀበና ቡና ቤት ተቀምጬ ከአንድ የኬሚስትሪ ተመራቂ ጋር ወግ ጀመርን። «የመመረቂያ ጥናትህን በምን ላይ ሠራህ?» አልኩት። ሳቀ፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም። «የጣናን ውኃ ልመረምር ነበር ጋሼ። ኬሚካሉ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ የለም ተባልኩ። ከቆዩ ወረቀቶች ቀጣጥዬ አስረከብኩ። ኤ አገኘሁ!» የዩኒቨርሲቲውን ስም ልተወው፤ የአንድ ግቢ ጉድ ብቻ አይመስለኝምና።

መቼም በመፈክር ማን ብሎን! በኢሕአዴግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ፣ «70 ለ 30» ተብሎ ከመቶ ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር ተወሰነ። ሹማምንቱ የተማሪውን ቁጥር ቆጠሩ። የላብራቶሪውን ጠርሙስ ማን ይሙላው? ኢሕአዴግ ሄደ፤ የዚያ ልጅ ጠርሙስ ግን ዛሬም ባዶ ነው።

ልጁ ያሰበው የዋዛ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየው እምቦጭ የሚፋፋው ከእርሻ ማዳበሪያና ከከተማ ፍሳሽ በሚገባ ፎስፌትና ናይትሬት ነው። ፎስፌት ለመለካት ደግሞ ተአምር አያስፈልግም። አሞኒየም ሞሊብዴትና አጋዥ ኬሚካሎቹ ሲጨመሩበት ውኃው ሰማያዊ ይሆናል፤ ሰማያዊው በደመቀ ቁጥር ፎስፌቱ በዝቷል ማለት ነው። በየዓመቱ አንድ ተማሪ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ወር ቢለካ፣ በ10 ዓመት ውስጥ ሐይቁ እየዳነ ይሁን እየሞተ የሚናገር መዝገብ በእጃችን ይገባል። ገበሬውማ እምቦጩን በእጁ ሲነቅል ኖሯል። የሚመግበውን ሳይቆርጡ መንቀል ግን በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው!

«የተማሪ ጥናት ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። ትልቅ ነገር የሚጀምረው ደጅን በማየት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ ቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ፤ በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ።

እናማ ለተቀጣጠለ ወረቀት ኤ የሰጠው መምህርም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ለስብሰባና ለሪባን መቁረጫ ብር የማያጣው መንግሥት ግን ከሁሉ በላይ ተጠያቂ ነው። ለተማሪው ኬሚካሉን ስጡት፤ የለካውንም አትደብቁበት! በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ጣናንም ልጁንም እንዳናጣ።

ቸር ይግጠመን!