ሃምሳ ኮምፒውተር አንድ በአንድ መጫን ለማን ያዋጣል?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ በብዙ መሥሪያ ቤቶች አንድ ጥያቄ ተደቅኗል። በጠረጴዛ ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች ገና ይሠራሉ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን የፕሮሰሰር ዓይነትና ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ አያሟሉም። አዲስ ይገዛ እንዳይባል፣ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ገዥ ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ መካከል ነው የሊኑክስ ስም የሚነሳው።

ስሙ በተነሳ ቁጥር የሚሰማው መልስ ደግሞ «ሊኑክስ ነፃ ነው፤ የሚያስከፍለው ባለሙያው ነው» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። ዋጋ የሌለው ዕቃ ወጪ የለውም ማለት አይደለም። አንድ ቴክኒሺያን ፍላሽ ይዞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ፣ ቋንቋ፣ የሰዓት ክልል፣ የዲስክ አከፋፈል፣ የተጠቃሚ ስም እየሞላ ለአንዱ 40 ደቂቃ ቢወስድበት፣ ለሃምሳው 2,000 ደቂቃ፣ ማለትም ከ33 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። ከአራት የሥራ ቀን በላይ መሆኑ ነው። ከጊዜው ይልቅ የሚከፋው ግን ሃምሳኛው ኮምፒውተር የመጀመሪያውን አለመምሰሉ ነው። ሰው ይደክመዋል፤ አንዱን ይረሳል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ብልሽት ለብቻው የሚጠና በሽታ ይሆናል።

ይህ ድካም የግድ አይደለም። ኮምፒውተር ሲበራ ከራሱ ዲስክ ፈንታ በኔትወርክ ገመዱ በኩል «ማን አለ?» ብሎ እንዲጣራ ማድረግ ይቻላል። ይህን የሚያስችለው ኢንቴል በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ያወጣው ፒ.ኤክስ.ኢ. የተባለ ደንብ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች ውስጥ አብሮ ይመጣል። ሰርቨሩ አድራሻ ይሰጠዋል፤ የመነሻ ፋይሉንም ያቀብለዋል። የሚነሳው የሊኑክስ መጫኛ ሰው በመጠየቅ ፈንታ አስቀድሞ የተጻፈ የመልስ ፋይል ያነባል። ሬድ ሃት ኪክስታርት፣ ዴቢያን ፕሪሲድ፣ ኡቡንቱ ሰርቨር ከ20.04 እትም ወዲህ አውቶኢንስቶል ይሉታል። የሬድ ሃት መጫኛ በእጅ ሲጫን እንኳ የተሰጠውን መልስ በፋይል መዝግቦ ስለሚያስቀምጥ፣ አንዱን ኮምፒውተር በጥንቃቄ የጫነ ሰው የቀሪዎቹን 49 ረቂቅ በእጁ አገኘ ማለት ነው።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በጀርመን የኮሎኝ ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ላንገ ኤፍ.ኤ.አይ. የተባለውን መሣሪያ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር። የሙኒክ ከተማ አስተዳደር ወደ ሊኑክስ ለመዞር እ.ኤ.አ. በ2003 ወስኖ ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮቹን ሲያዞር የተጠቀመው በዚሁ ነው። ሙኒክ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ መወሰኗን የሚያነሳ አይጠፋም፤ ማንሳቱም ተገቢ ነው። ክርክሩ ግን በፕሮግራሞች መጣጣምና በአይ.ቲ. አደረጃጀት ላይ እንጂ በአጫጫኑ ላይ አልነበረም። ከዚህ የምንወስደው ካለ፣ ፒችትሪ የሚሠራበትን የሂሳብ ክፍል ኮምፒውተር አለመንካት ነው።

ለእኛ አገር የሚብሰው ጥቅም ከኢንተርኔቱ ላይ ይገኛል። ለአንድ ኮምፒውተር 2 ጊጋባይት ፓኬጅ ቢያስፈልግ፣ ሃምሳው በየፊናቸው ከውጭ ሲያወርዱ 100 ጊጋባይት ነው። ፓኬጁን ሰርቨሩ ላይ አንዴ አውርዶ ያስቀመጠ ግን 2 ጊጋባይት ብቻ ከፍሎ ቀሪውን በራሱ ገመድ ያከፋፍላል። ገመዱም ቢሆን ይቆጠራል። ሰርቨሩ በ100 ሜጋቢት ከተያያዘ ያንን ሁሉ ለማቀበል በወረቀት ስሌት ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ሰርቨሩና ስዊቹ ጊጋቢት ከሆኑ ግን 13 ደቂቃ ገደማ ይበቃል። መብራት በመካከል ቢሄድ ሲመለስ ሥራው እንደገና ይጀመራል እንጂ የሰው ድካም አይባክንም።

አደጋም አለው። የመልስ ፋይሉ ዲስኩን ደምስስ ካለ ይደመስሳል፤ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ የሚጫኑት ኮምፒውተሮች የኔትወርክ ካርድ ቁጥር አስቀድሞ ይመዝገብ፤ ከዚያ ውጪ ለጠራ ሰርቨሩ መልስ አይስጥ። በቢሮው ራውተርም አድራሻ የሚያድል ካለ ሁለቱ እንዳይጋጩ ማሰብ ነው። ለአምስት ኮምፒውተር ይህን ሁሉ ማሰናዳት ደግሞ ለሁለት እንግዳ በሬ መጣል ነው።

ታዲያ ይህን ያህል የቆየ አሠራር ለምን አይስፋፋም? ይህ ጸሐፊ ምክንያቱን ከዕውቀት ማነስ ይልቅ ከውሉ ላይ ይፈልጋል። «ተከላ» በጨረታ ሰነድ ውስጥ በኮምፒውተር ቁጥር በነጠላ ዋጋ ከተጻፈ፣ አቅራቢው በአንድ ቀን ጨርሶም በሃምሳ ተባዝቶ ይከፈለዋል። የመልስ ፋይሉን ለገዥው ትቶ ከሄደ ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት ሥራ በገዛ እጁ አሳልፎ ሰጠ። አቅራቢውን መውቀስ አይቻልም፤ ዋጋው ያዘዘውን ነው የሚያደርገው።

ገዥው ግን ሌላ ነገር ማዘዝ ይችላል። በዋጋ ዝርዝሩ ላይ የተከላው ነጠላ ዋጋ ወጥቶ፣ በምትኩ ሰርቨሩን ማሰናዳት፣ የመልስ ፋይሉንና ማብራሪያውን ማስረከብ በአንድ ድምር ዋጋ ይግባ። በርክክቡ ቀን ኮሚቴው ከሃምሳዎቹ አንዱን ይምረጥ፣ ዲስኩን ያስደምስስ፣ ኮምፒውተሩን ያብራና እጁን አጣጥፎ ይጠብቅ። ማንም ኪቦርድ ሳይነካ የመግቢያው ገጽ ከመጣ የመጨረሻው ክፍያ ይፈጸም።