መብራት ቢጠፋስ?

ባለፈው ዓመት እኛ የመካነ ሰላም ልጆች አምስት ሆነን ተደራጀን። ሐሳባችን ቀላል ነበር፤ የቦረናን በግ ገዝቶ፣ አደልቦ፣ ለበዓል ደሴ ማውረድ። ብድር የሚፈቅድ ኮሚቴ ፊት ቀርባችሁ አስረዱ ተባልን። 26 ስላይድ ይዘን ገባን። ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት፣ የወረዳው አየር ንብረት፣ የበግ እርባታ ጥቅም... (አትሳቁ!) ዘጠነኛው ላይ ስንደርስ መብራት ሄደ። አንድ አዛውንት የኮሚቴው አባል «እስኪመጣ ስንት ብር እንደምትፈልጉና እንዴት እንደምትመልሱ ንገሩን» አሉን። እርስ በርስ ተያየን። መልሱ 24ኛው ስላይድ ላይ ነበራ!

ብድሩም ቀረ።

ሳምንት ሙሉ ኮሚቴውን አማን። «ድሮም በዘመድ ነው» አልን። በዘመድ የሚሠራ ነገር የለም እያልን አይደለም። ግን ወገን፣ ገለጻችን ባዶ ሲሆን ሊከለክለን ለፈለገ ሰው ሰበቡን በእጁ እየሰጠነው ነው። ይባስ ብሎ ከመሃላችን ጋዜጠኝነት የተማርን ነበርን። «ዋናው ነገር ከላይ» እየተባልን አራት ዓመት ተምረን፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ቀበርነው።

እስቲ የሚያውቁበትን እንይ። በግንቦት 1999 ዓ.ም ዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን አሩሻ ላይ በተካሄደው የቴድ ጉባኤ የኢትዮጵያን ምርት ገበያ ሐሳብ አቅርበው ነበር። የጉዳዩ እምብርት አንድ እንቆቅልሽ ነው። በ1994 ዓ.ም በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋው ወደቀ፤ በዓመቱ ከ12 ሚሊዮን በላይ ወገን እርዳታ ጠበቀ። እህል ከነበረ ረሃቡ ከየት መጣ? ጥያቄውን የሰማ ሰው መልሱን ሳይሰማ ከወንበሩ አይነሳም። መልሱ «ገበያው አልሠራም» ከሆነ መፍትሔው ራሱ ተከትሎ ይመጣል። እርግጥ ምርት ገበያው በአንድ ንግግር አልተሠራም፤ ግብይት የጀመረው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም ነው። ቅደም ተከተሉን ግን ልብ በሉ፤ ችግር፣ ምክንያት፣ መፍትሔ።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። አያቶቻችን በላ ልበልሃ ብለው ሲሟገቱ ፕሮጀክተር አልነበራቸውም። ምን እንደሚጠይቁና ማስረጃቸው ምን እንደሆነ ግን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ዘንድሮ እንደገና እንቀርባለን። ወረቀታችን አንድ ገጽ ሆኗል። የመጀመሪያው መስመር የምንጠይቀው ብርና የምንመልስበት ጊዜ ነው። ቀጥሎ በጉን ማን፣ መቼ፣ የት እንደሚገዛን። ከዚያ ወጪና ገቢ፤ መግዣ፣ መኖ፣ ክትባት፣ መጓጓዣ፣ መሸጫ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀን «በጉ ቢታመምስ? ዋጋው ቢወርድስ?» ብለን ራሳችን እንመልሳለን። መጨረሻ ላይ ጥያቄያችንን ደግመን ዝም እንላለን። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው!

ራዕይና ተልዕኮውስ? ከተጠየቅን በቃል እንናገራለን። ልምምዱን ከባለሙያ ፊት ሳይሆን ከእናቶቻችን ፊት ጀምረናል። አንዷ ሰምተው ሲጨርሱ «ታዲያ መኖውን በክረምት ከየት ልታመጡ ነው?» አሉ። ከ26ቱ ስላይድ አንዱም ይህን አልመለሰም ነበር።

እናንተም ነገ አንድ ነገር ልታቀርቡ ከሆነ ዛሬ ማታ ኮምፒውተሩን አጥፉና ለቤተሰብ ተናገሩት። በጨለማ የማይገባ ገለጻ በብርሃንም አይገባም።

ቸር እንሰንብት!