ጨርቁን ገልጣችሁ እዩ

የዛሬው ጉዳዬ ትንሽ ይቀፋል፤ ምሳ ላይ ያላችሁ ቆይታችሁ አንብቡት።

ጎንደር ክረምቱ ሲወጣ ዝንብ ይበዛል። ባለፈው መስከረም የግቢያችን ውሻ ከሌላ ውሻ ተጣልቶ ጆሮው ሥር ቆሰለ። ባለቤቴ በንጹሕ ጨርቅ አሰረለት። በዚያ ሳምንት እኔና እርሱ ተኳርፈን ነበር (የመጋቢ ቤትም ይኮረፋል፣ አትደነቁ)። እርሱ “እርሷ አይታዋለች” ይላል፤ እኔ “እርሱ አይቶታል” እላለሁ፤ መጠያየቅ የለም። በአምስተኛው ቀን ሽታው ቤት ገባ። ጨርቁን ስንፈታው ቁስሉ በትል ይርመሰመሳል።

የእንስሳት ሐኪሙ ምንም አልደነቃቸው። ዝንብ በቁስል ሽታ ተስባ ትመጣና እንቁላሏን ትጥላለች፤ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ትሉ ለአንድ ሳምንት ያህል ሥጋ በልቶ ያድግና አፈር ላይ ይወድቃል፤ ከዚያም ዝንብ ሆኖ ይወጣል። አንዳንዱ የሞተ ሥጋ ብቻ ይበላል። በአፍሪካና በእስያ የሚገኝ አንድ ዓይነት ግን ሕያው ሥጋ ቦርቡሮ ይገባል፤ ሰውንም አይምርም። የዚህ የአሜሪካ ዘመድ እ.ኤ.አ. በ1988 ሊቢያ ገብቶ ነበር። መካን የተደረጉ ዝንቦች በሚሊዮን እየተቆጠሩ ከሜክሲኮ በአውሮፕላን መጥተው ተለቀቁና በ1991 ጠፋ። ለአንዲት ዝንብ ይህ ሁሉ!

ዳባትና ደባርቅ በኩል ከብት ያላችሁ ወገኖች፣ የአህያውን ገጣባ፣ የጥጃውን እትብት፣ የተኮላሸውን በግ በየቀኑ እዩ። እንስሳው ያንን ቦታ ደጋግሞ ከላሰ፣ ከመንጋው ከተለየ ወይም ከሸተተ አትቆዩ። ቤንዚንና ላምባ አታፍስሱበት፤ ያልታመመውንም ሥጋ ያቃጥላል። ፀጉሩን ቁረጡ፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ጨው ጨምራችሁ እጠቡ፤ ትሉን በወረንጦ ልቀሙ። የለቀማችሁትን መሬት ላይ አትጣሉ፣ የፈላ ውኃ ውስጥ ጨምሩት። ከዚያ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ጥልቅ ውስጥ የገባውን የሚያወጣው እርሱ ነው።

ስለ ደጉ ሳምራዊ ስንሰብክ ዘይቱንና ወይኑን እናነሣለን፤ ቀርቦ ቁስሉን ማየቱን እንዘልለዋለን። እኔም ስንት ጊዜ ዘልዬዋለሁ።

ሐኪሙ “ጠዋት ማታ እጠቡት” ብለው ሰደዱን። አንዱ ካልያዘው ሌላው ሊያጥበው አይችልም። እኔ ጭንቅላቱን ይዤ፣ ባለቤቴ ውኃውን እያፈሰሰ፣ ያኳረፈንን ነገር ያን ማታ ጀመርነው። በአንድ ማታ አላለቀም። ውሻው በሦስተኛው ሳምንት ዳነ፤ ጆሮው ትንሽ ተጣሞ ቀርቷል።