ጓጉንቸሩ የሚመሰክረው ምንን ነው?

በብራውዘራችን አናት ላይ የጓጉንቸር ምልክት ስናይ ‹‹ድረ ገጹ የታመነ ነው›› ማለት ይቀናናል። ስሕተት ነው እንላለን። ምስጠራ የሚጠብቀው በመንገድ ላይ ያለውን መልእክት ነው፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሌባ ከሆነ፣ ምስጢራችን በሚገባ ታሽጎ ለሌባው ይደርሰዋል። የይለፍ ቃል ከመጻፍ በፊት የአድራሻውን ፊደላት አንድ በአንድ ማንበብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የድረ ገጹን ማንነት የሚያረጋግጠው ዲጂታል የምስክር ወረቀት ነው። እርሱም ቢሆን ይደፈራል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዲጂኖታር በተባለ የሆላንድ የምስክር ወረቀት ሰጪ ድርጅት ላይ በተፈጸመ ጠለፋ በጉግል ስም ሐሰተኛ ወረቀት ወጣ፤ በኢራን የሚገኙ የጂሜይል ተጠቃሚዎችም ጓጉንቸሩን እያዩ ደብዳቤያቸውን መሐል ላይ ለቆመ ጠላፊ አሳልፈው ሰጡ። ድርጅቱ በዚያው ዓመት ከሰረ።

ክሮም እ.ኤ.አ. በ2023 ጓጉንቸሩን ማንሣቱን እንደግፋለን። የተነሣው ምልክቱ እንጂ ምስጠራው አይደለም።