«ነካ ነካ አድርግልኝ» ስለሚባለው ሥራ

በዲላ ከተማ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በብየዳ ቤት ደጃፍ ዘወትር የሚነገር አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ነካ ነካ አድርግልኝ» የሚለው ነው። የተሰበረ የመስኮት ፍርግርግ ወይም የወለቀ የበር ማጠፊያ ይዞ የመጣ ሰው፣ ሥራው ትንሽ ስለ ሆነ ዋጋውም ከምንም የማይቆጠር ይመስለዋል። በያጁም ይሉኝታ ይዞት የእጁን ዋጋ ብቻ ይጠራል። ሰው ይህን ደግነት ይለዋል። እኔ ግን ደግነት አይደለም እላለሁ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ሒሳቡን አብረን እንመልከት። 350 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ኤሌክትሮድ እስከ ጫፉ አይነድም፤ መያዣው የሚነክሰው 50 ሚሊሜትር ያህል ይጣላል። ስለዚህ ከ7 ኤሌክትሮድ የአንዱ ያህል ብረት ሳይነካ መሬት ላይ ይቀራል ማለት ነው። ከነደደውም ቢሆን ልባሱ ዝቃጭ ሆኖ በመዶሻ ይራገፋል፤ ጥቂቱም ፍንጣሪ ሆኖ ይበተናል። አንዱን ፍርግርግ ለመጠገን 6 ኤሌክትሮድ በ10 በ10 ብር፣ ከመቁረጫው ዲስክ 8ኛው እጅ 20 ብር፣ ጸረ ዝገት 40 ብር፣ መብራት 10 ብር ወጣ እንበል (ብሩሹን እንኳ እንተወው)። ድምሩ 130 ብር ነው። በ300 ብር የተዋዋለው በያጅ ማታ ኪሱን ሲዳስስ 300 ብር አገኘሁ ይላል፤ ያገኘው ግን 170 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ የረዳቱ ድርሻና የቤት ኪራይ አለበት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ አብሮ ሲወደድ፣ የአምናውን የእጅ ዋጋ በልማድ የሚጠራ በያጅ ጉድለቱን ከየት ይሞላዋል? ከብየዳው ይሰርቃል እንጂ! ዙሪያውን ሊበየድ የሚገባውን በነጥብ በነጥብ አጣብቆ ይተወዋል፤ ጸረ ዝገቱን ዘሎ ቀለም ይቀባበታል። የጌዴኦ ዝናብ ደግሞ ዕረፍት የለውም፤ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ብረቱን ይበላዋል። አንድ ቀን በደረጃው መደገፊያ ላይ የሚንጠላጠለው ልጅ፣ አባቱ ተከራክሮ ያስቀነሰው 50 ብር የት እንደ ገባ በአካሉ ያውቀዋል።

ለመሆኑ ይህ ሒሳብ ለጌዴኦ ሰው እንግዳ ነውን? አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት 5 ወይም 6 ኪሎ ቀይ እሸት እንደሚያስፈልግ የዲላ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። የእሸቱን ዋጋ ሲቆርጥ ገለባውንና የሚደርቀውን ውሃ አስቦ ነው፤ ስለዚህም ስስታም ተብሎ አያውቅም። በቡና ላይ ብልኅነት የተባለው በብየዳ ላይ ስለ ምን ስስት ይባላል?

«ደንበኛ ይሸሻል» የሚሉኝ አሉ። አዎን፣ አንዳንዱ ይሸሻል። የሚያሸሸው ግን ብዙውን ጊዜ ሒሳቡ ሳይሆን መደበቁ ነው። ደግሞም ከ8 ደንበኛ የ8 ሙሉ ዲስክ ዋጋ የሚቀበል በያጅ አለ፤ እርሱን አልከላከልለትም፤ ሌባ ነው። እኔ የምለው፣ ቀብድ ከመቀበል በፊት ኤሌክትሮዱ ይህን ያህል፣ ዲስኩ ይህን ያህል፣ እጄ ይህን ያህል ብሎ በቁራጭ ወረቀት መጻፍ ነው። ደንበኛው ልከራከር ቢል በእጁ ዋጋ ይከራከረው፤ በኤሌክትሮዱ ግን ከሱቁ ባለቤት ጋር ሄዶ ይከራከር።