ስለ ጤና ትምህርት ቤት ንግግር፥ ዐውደ ርእይና ሽልማት

በትምህርት ቤት ግቢ ተዘግቶ የሚቀር ዕውቀት በጎተራ ተከትቶ ነቀዝ እንደሚበላው እህል ነው፤ ለባለቤቱም ለተራበውም አይጠቅምም። ስለዚህ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች በየጊዜው በራቸውን ለሕዝብ የሚከፍቱባቸው ሦስት ልማዶች አሏቸው፤ እነርሱም የሊቃውንት ንግግር፥ ዐውደ ርእይና ሽልማት ናቸው። ሦስቱም በየስፍራው የተመሰገኑ ሲሆኑ፥ በአሶሳ ላለው የጤና ሳይንስ ትምህርት ግን ከጌጥነት ያለፈ ሥራ ስለሚጠበቅባቸው ነገሩን ጥቂት ልንመረምረው ወደድን።

የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ተማሪዎችን መቀበል ከጀመረ ወዲህ ነርሶችን፥ አዋላጆችንና የሕዝብ ጤና ባለሙያዎችን ሲያስተምር ቆይቷል። የቆመበት የቤኒሻንጉል ጉሙዝ አገር አብዛኛው ቆላ፥ ወንዙም ብዙ ነው፤ በርታ፥ ጉሙዝ፥ ሺናሻ፥ ማኦና ኮሞ ከሌሎች ወንድሞቻቸው ጋራ ይኖሩበታል። ቆላነቱ ለማሽላና ለማንጎ እንደሚስማማ ሁሉ ለወባም ይስማማል። ፈጥነው በሚወርዱት ወንዞች ዳር ደግሞ ጥቁር ዝንብ ትራባለች፤ እርስዋም ኦንኮሰርኪያሲስ የተባለውን፥ ቆዳን ክፉኛ የሚያሳክከውንና ሲጸና ዓይንን እስከ ማጥፋት የሚያደርሰውን በሽታ ታስተላልፋለች።

እንግዲህ ስለ ንግግሩ እንናገር። ሊቁ በመድረክ ቆሞ በእንግሊዝኛ ቢያስተምር ተማሪዎቹ ይጠቀማሉ፤ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ታቅፋ የተቀመጠችው እናት ግን አንዳች አታገኝም። በማይገባ ቋንቋ የተነገረ ምክር ከጠርሙሱ እንዳልወጣ መድኃኒት ነው። ስለዚህ በአዳራሽ የተሰጠው ንግግር ፍሬው ተመርጦ፥ ከአገሩ በተወለዱ ተማሪዎች አፍ በበርታኛና በጉሙዝኛ በገበያ ቀን ቢደገም እጅግ ይጠቅማል። ይልቁንም በጉሙዝ ዘንድ በቀደመው ልማድ እናት ከቤት ርቃ በጫካ ብቻዋን ትወልድ ስለ ነበረ፥ አዋላጇ ልማዱን በመናቅ ሳይሆን ምክንያቱን ከእናቶችና ከሽማግሌዎች አስቀድማ በመስማት ልታስተምር ይገባታል።

ስለ ዐውደ ርእይም አንዳንድ ሰዎች፥ መድኃኒት ባጠረበት አገር ለዚህ ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው ይላሉ። ዐውደ ርእዩ ሥዕልና ጥብጣብ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ነገራቸው እውነት ነው። ነገር ግን ገበሬው ከደጁ ኩሬ የተቀዳውን ውኃ በብርጭቆ አይቶ፥ በውስጡ የምትንቀሳቀሰው ትል ነገ ወባ የምታመጣ ትንኝ እንደምትሆን በዓይኑ ቢረዳ፥ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይህ አንድ ብርጭቆ ያሳምነዋል። ዛሬ ደግሞ ምክንያቱ በርትቷል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ በዚሁ ክልል በጉባ ታላቅ ሐይቅ አስገኝቷል። በቆቃ ግድብ ዙሪያ የተደረገው ምርመራ፥ ለውኃው በቀረቡ መንደሮች ወባ ርቀው ካሉት ይልቅ እንደሚበዛ አሳይቷል። እንግዲህ ብርሃን የሚሰጠን ውኃ በሽታም እንዳይሰጠን የሐይቁን ዳርቻ መመርመርና ያዩትን ለሕዝብ ማሳየት ከሁሉ አስቀድሞ በቅርቡ ያለው ትምህርት ቤት ዕዳ ነው።

ሽልማትን በሚመለከት የዓለም ታሪክ መልካም ምሳሌ ይሰጠናል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 የሕክምና የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ከሦስቱ ሊቃውንት አንዲቱ ቻይናዊቱ ቱ ዩዩ ናት፤ ጥንታዊ የመድኃኒት መጽሐፍ መርምራ አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት ከቅጠል አወጣች። ሁለቱ፥ ሳቶሺ ኦሙራና ዊሊያም ካምቤል፥ ከጃፓን አፈር ከተገኘ ጥቃቅን ሕያው ነገር አይቨርሜክቲን እንዲሠራ አደረጉ፤ ይህም ጥቁር ዝንብ ለምታመጣው በሽታ የሚታደለው መድኃኒት ነው። ታላቁ ሽልማት የተሰጠው የአሶሳን ቆላ ለሚያስጨንቁት ለእነዚሁ በሽታዎች ነበረ ማለት ነው።

የራሳችንም ሰው ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 በአውሮፓ አቆጣጠር በዓድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቢልሃርዝያን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ምክንያቱን መረመሩ። ስለዚህም ሥራ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ትምህርቱ ግን የጀመረው ከወንዝ ዳር ነው። ስለዚህ የአሶሳ ሽልማት ከፍተኛ ነጥብ ላመጣው ተማሪ ብቻ መሆን የለበትም፤ ሩቅ ጤና ኬላ ተመድባ ስፍራዋን ሳትለቅ ላገለገለችው ነርስና ዕውቀቱን ላካፈለው የአገር መድኃኒት ዐዋቂም ሊደርስ ይገባል።

ሹማምንት የተሸለመችውን ሠራተኛ ደመወዟንና መድኃኒቷን በጊዜው በማድረስ ያክብሩዋት፤ ያለዚህ ሽልማቱ ወረቀት ብቻ ይሆናል። ካህናትም ከሼኾች ጋራ ተባብረው፥ በዐውደ ርእዩ ያዩትን ለሕዝባቸው ያስረዱ፤ የመድኃኒት ጽሑፍ በእጃቸው ያለም ቢኖር ለምርመራ ቢያቀርቡት መክሊታቸውን አልቀበሩም ይባላል። የጭብጨባው ድምፅ ከአዳራሹ አያልፍም፤ የትምህርቱ ፍሬ የሚመዘነው በቆላው መንደር ከሞት በሚተርፉት ሕፃናት ነው።