ትጥቅ ፍታ ከማለት በፊት ዋሱ ይጠራ

ሐምሌ 18 ቀን 2013 የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር የነበሩት አቶ አገኘሁ ተሻገር፣ የመንግሥትም ሆነ የግል መሣሪያ ያለው ሁሉ ከነገ ጀምሮ እንዲዘምት ጥሪ አቀረቡ። መጋቢት 28 ቀን 2015 የፌዴራል መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎችን አፍርሶ ወደ መከላከያና ፖሊስ እንደሚያስገባ አስታወቀ። በሁለቱ ቀናት መካከል ያለው ሃያ ወር ነው። በዚያ ሃያ ወር ቆቦ ሁለት ጊዜ በትግራይ ኃይሎች ተይዛ ሁለት ጊዜ ተለቃለች።

የራያን ቆላ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ካርታ አያስፈልገውም። ከሮቢት እስከ ዋጃ የተዘረጋ የማሽላና የጤፍ ሜዳ ነው፤ በምሥራቅ ዞብል ቆሟል፤ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚያልፈው ዋናው አስፋልት መሀሉን ሰንጥቆት ይሄዳል። ወደ ሰሜን የሚወጣም ወደ ደቡብ የሚወርድም ጦር ይህን ሜዳ ይረግጣል። ጦር ሲያልፍ ደግሞ ገበሬው ሜዳው ላይ ነው።

በ2013 «ክተት» ሲባል የራያ ገበሬ ሰማ። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 በቆቦ የሆነውን ሂዩማን ራይትስ ዎች መዝግቦታል፤ በዚያ አንድ ቀን የትግራይ ኃይሎች በከተማዋ በአራት የተለያዩ ክስተቶች 23 ሰዎችን ረሽነዋል። ምስክሮች እንደተናገሩት ግድያው በዚያው ዕለት ገበሬዎች በሚገፉት የትግራይ ኃይሎች ላይ ለከፈቱት ውጊያ የበቀል ምላሽ ነበር። ነገሩ ግልጽ ነው። መንግሥት ተዋጋ ያለው ገበሬ ተዋጋ፤ ከተማው ውስጥ ያለው ሰው ተረሸነ፤ የሀገሪቱ መከላከያ ግን በዚያ ቀን ቆቦ ውስጥ አልነበረም።

በዓመቱም እንዲሁ ሆነ። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ለአምስት ወር የቆየው ተኩስ አቁም ፈርሶ ጦርነቱ እዚያው ቆቦ ዙሪያ ተቀሰቀሰ። ነሐሴ 21 ቀን የመንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት፣ ሠራዊቱ በከተማ ውስጥ ሊደርስ የሚችለውን የሕዝብ እልቂት ለማስቀረት ሲል ቆቦን ለቆ መውጣቱን ገለጸ። ምናልባት ትክክለኛ ወታደራዊ ውሳኔ ነበር። ግን የዚያ ከተማ ሰው ካንድ ዓመት በፊት ያየውን አልረሳም። ጦሩ ለሕዝቡ ደህንነት ሲል ወጣ፤ ሕዝቡስ ለደህንነቱ ምን ይዞ ቀረ?

በዚያው ሰሞን፣ ጳጉሜን 1 ቀን 2014፣ 35 ሀገር በቀል ሲቪል ድርጅቶች ጦርነቱ እንዲቆም የጋራ ጥሪ ለማቅረብ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሆቴል ተሰባሰቡ። ጋዜጣዊ መግለጫው በጸጥታ ኃይሎች ተከለከለ፤ ድርጅቶቹም ጥሪያቸውን በኢንተርኔት አሰሙ። ኅዳር 30 ቀን 2016 ደግሞ ጦርነት ይቁም የሚል ሰልፍ በመስቀል አደባባይ ሊደረግ ታስቦ አስተባባሪዎቹ ቀኑ ሳይደርስ ታሰሩ። ከዚያ ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሰላም ሚኒስቴር ሚኒስትር ዴኤታ የነበሩት አቶ ታዬ ደንደአ ከሥልጣን ተነሱ፤ ወዲያው ታሰሩ። ሚኒስቴሩ ስሙን አልቀየረም። በኅዳርና ታኅሣሥ 2017 ካርድንና ኢሰመጉን ጨምሮ አምስት የመብት ድርጅቶች ታገዱ፤ እግዱ ኋላ ቢነሳም መልእክቱ ደርሷል።

እንዲህ ለተንገላታ ሰው ማዘን ቀላል ነው፤ መታዘንም አለበት። ግን ማዘን ትችትን አያስቀርም። የሰላም አራማጆቹ ጥሪ ባብዛኛው አድራሻው ተፋላሚ ወገኖች፣ የአፍሪካ ኅብረትና ኤምባሲዎች ናቸው። በሕገ መንግሥቱ የጦርነትን ቦርሳ የያዘው ተቋም ግን አራት ኪሎ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአንቀጽ 55 በጀት ያጸድቃል። የመከላከያ፣ የደህንነትና የፖሊስን አደረጃጀት ይወስናል፤ በእነዚህ ኃይሎች ሥራ የዜጎች መብት ሲነካ ያጣራል፣ እርምጃ እንዲወሰድ ያደርጋል። ይህ በወረቀት ያለ ሥልጣን ነው፤ በወረቀት ያለ ሥልጣን የሚነቃው ደግሞ የሚወተውት ሰው ሲኖር ነው።

ቁጥሮቹን ማየት ይበቃል። የ2014 በጀት ሲጸድቅ ለመከላከያ የተያዘው 22 ቢሊዮን ብር ነበር። በዓመቱ አጋማሽ 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት መጣ፤ ትልቁ ድርሻ ለመከላከያ ነበር። ለ2015 የመከላከያ በጀት 84 ቢሊዮን ብር ሆነ። ለ2016 ወደ 50 ቢሊዮን ወረደ፤ ያ ዓመት ሲገባ አማራ ክልል በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ጦርነት ውስጥ ነበር። ከ2014 የመጀመሪያ በጀት ወደ 84 ቢሊዮን የተደረገው ዝላይ አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቆቦ ለሁለተኛ ጊዜ የተለቀቀችው ይህ 84 ቢሊዮን ከጸደቀ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። በ2013 ምርጫ ከታወጁት 436 ወንበሮች 410ሩን የያዘው ገዢ ፓርቲ ነው፤ ስለዚህ ድምፅ አሰጣጡ አያስገርምም። የሚያስገርመው እጅ ከመውጣቱ በፊት ጥያቄ ይዞ በር ላይ የሚቆም ሰው መጥፋቱ ነው።

አሁን ደግሞ ትጥቅ ለማስፈታት የተጠየቀውን ገንዘብ እንይ። ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን 371,971 የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ 760 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልገው አስታውቋል። ሲካፈል ለአንድ ሰው ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ ነው። የ2015ቱ 84 ቢሊዮን ብር በወቅቱ የባንክ ምንዛሪ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። እንግዲህ የአንድ ዓመት የመከላከያ በጀት ግማሽ እንኳ ባልሞላ ገንዘብ መላውን የተሃድሶ ሥራ መሸፈን ይቻል ነበር ማለት ነው። ለጦርነቱ የሚሆነው ከግምጃ ቤት ይወጣል፤ ለሰላሙ የሚሆነው ከለጋሾች ይለመናል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈርሞ በሠላሳ ቀን ትጥቅ ይፈታል ሲባል፣ መቀሌ ላይ የመጀመሪያዎቹ የቀድሞ ተዋጊዎች ወደ ተሃድሶ ማዕከል የገቡት ኅዳር 2017 ነው። ሁለት ዓመት! ይህን የዘገየ ሥራ ያላየ የቆቦ ገበሬ የለም፤ ምክንያቱም ጎረቤቱ ነው።

«የመከላከያ በጀት ምስጢር ነው» የሚሉ አሉ። ድምሩ በየዓመቱ በአደባባይ ይነበባል፤ ስንት ጥይት ተገዛ ብሎ የጠየቀም የለም። የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ቆቦን የሚያህል ከተማ ሲለቀቅ ነዋሪው ቀድሞ ይነገረው ነበር? መውጫ መንገድ ተዘጋጅቶለት ነበር? ይህ ምስጢር አይደለም፤ ይህ የመራጭ ጥያቄ ነው።

ሌሎች ደግሞ ሰላም የሚለውን ሁሉ የጠላት ጉዳይ አስፈጻሚ ያደርጉታል። በ2014 ጦርነት ይቁም ያለው የሕወሓት ደጋፊ ነበር፤ በ2016 ያንኑ ያለው የፋኖ ክንፍ ሆነ። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጦሩ የሚተኩስበት አቅጣጫ ነው።

ከባሕር ማዶ ሆነው «ክላሽህን እንዳትፈታ» የሚሉትም ከዚህ አይሻሉም። ክላሹ የራያን ገበሬ ከምን አዳነው? በአማራ ክልል እገታው፣ መዋጮው፣ በየመንገዱ ያለው ኬላ በመሣሪያ የተሞላ ሀገር ውስጥ የበቀለ ነው። ገበሬው መሣሪያ የሚይዘው ስለሚያድነው አይደለም፤ ሌላ የሚያድነው ስለሌለ ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ይህ የቆቦ ብቻ ታሪክም አይደለም፤ ከአላማጣ ወዲያ ያለው የትግራይ ገበሬም ያንኑ ሒሳብ በራሱ በኩል ያሰላል።

ራያ ይህን ጨዋታ ያውቀዋል። በ1928 ጣሊያን ለራያና ለአዘቦ ሰዎች ጠመንጃና ብር አድሎ ከማይጨው የሚመለሰውን የንጉሠ ነገሥቱን ጦር አስወጋ። ከ1935ቱ አመፅ በኋላ ደግሞ የራያና የአዘቦ ሰው መሬት እየተወረሰ ተቀጣ። ጠመንጃ የሚያድለውና በጠመንጃ ምክንያት የሚቀጣው ሁለቱም ከውጭ የመጡ ነበሩ። የዛሬው ልዩነት ሁለቱንም የሚያደርገው አንድ አካል መሆኑ ነው።

ልዩ ኃይል ይፍረስ የተባለው ሐሳብ በራሱ መጥፎ አልነበረም። በየክልሉ ጦር ያላት ሀገር ምን እንደሚገጥማት በሁለት ዓመት ታይቷል። ግን ውሳኔው የተሰማው በመንግሥት መግለጫ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ተከራክረውበት፣ ከጸደቀ በኋላ የሚጠብቀውን ክፍተት ማን እንደሚሸፍነው ተነግሮ፣ ጊዜ ተሰጥቶት አልነበረም። በቀናት ውስጥ የአማራ ከተሞች በተቃውሞ ተናጡ፤ ቆቦ አንዷ ነበረች። ሚያዝያ 1 ቀን 2015 ሁለት የዕርዳታ ድርጅት ሠራተኞች እዚያው ተገደሉ። አራት ወር ሳይሞላ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ ምክር ቤቱ ነሐሴ 8 ከዕረፍት ተጠርቶ አጸደቀው። አዋጁ ሊጸድቅ ዕለታት ሲቀሩት ከምክር ቤቱ አባላት አንዱ የሆኑት አቶ ክርስቲያን ታደለ ታስረው ነበር። ጥያቄ የሚጠይቅ እንደራሴ ከሌለ፣ ሰላም አራማጅ ማንን ይወትውት? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ከበሩ ዞር ማለት አይደለም፤ የቀሩትን በስማቸው መጥራት ነው።

ወሎ ውስጥ አበጋር ደም ሲያደርቅ ገዳይን «መሣሪያህን አስቀምጥ» ብሎ ብቻ አይሸኘውም። ሁለቱም ወገን ይቀመጣል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ ዋስ ይጠራል። ዋሱ ስሙ ይታወቃል፣ ቤቱ ይታወቃል፣ ቃሉ ቢፈርስ እሱ ይያዛል። ሽማግሌ ያለ ዋስ «ታረቁ» ቢል የሚሰማው የለም። የአዲስ አበባ የትጥቅ ማስፈታት ውትወታ የጎደለው ይኸው ነው፦ ሁሉም ይፍታ ይላል፣ ዋሱን አይጠራም።

ሞዛምቢክ ከ1992ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ ምክር ቤት ጠመንጃ ላመጣ ሰው መቆፈሪያ፣ ብስክሌት፣ የልብስ ስፌት መኪና ይሰጥ ነበር። ብዙ መሣሪያ ተሰብስቧል። ግን ቅደም ተከተሉ ልብ ይባል፤ መጀመሪያ ጦርነቱ ቆመ፣ ቀጥሎ ጠመንጃው ዋጋ አጣ፣ ከዚያ መቆፈሪያው ተፈላጊ ሆነ። ጦርነት ባልቆመበት ሜዳ ላይ ማረሻ ይዞ ክላሽ ለመለወጥ የሚሄድ ሰው ማረሻውንም ያስነጥቃል።

ስለዚህ የሰላም አራማጆቹ ሥራ ከመግለጫ ይልቅ የበጀት ሰነዱን ይዞ መቀመጥ ይሁን። የተሃድሶው ገንዘብ ከመከላከያው በጀት ጎን በራሱ ርዕስ፣ ከሀገር ግምጃ ቤት እንዲያዝ ይጠይቁ። የውጭ ግንኙነትና የሰላም ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ አዲስ አበባ ተቀምጦ ሪፖርት ከሚሰማ አንድ ቀን ቆቦ ወርዶ እንዲቀመጥ ይወትውቱ። ሚያዝያ 2016 ከአላማጣ ከተማና አካባቢዋ ከ50 ሺህ በላይ ሰው መፈናቀሉን የተባበሩት መንግሥታት አስታውቆ ነበር፤ ብዙው የሸሸው ወደ ቆቦ ነው። የኮሚቴው አባላት የሚሰሙት ሰው አያጡም።

ረቂቅ በጀቱ የሚጸድቀው ሰኔ ላይ ነው። በዚያ ወር የራያ ገበሬ እርሻ ላይ ነው፤ አራት ኪሎ ሊመጣ አይችልም። እንደራሴው ግን ለድምፅ ሲል የመጣበትን መንገድ ያውቀዋል። እጁን ከማውጣቱ በፊት ቆቦ ገበያ መሀል ቆሞ አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ ጦሩ ለሕዝቡ ደህንነት ሲባል ከተማዋን ሦስተኛ ጊዜ ቢለቅ፣ ክላሹን ያስረከበውን ገበሬ ዋስ ሆኖ የሚቆምለት ማን ነው?